ለጌም ሄድሴት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለከተማ ዳር ነዋሪ የሚሆን መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው ሄድሴት መግዛት ከመሃል ከተማ ሰው ትንሽ ይለያል። ዕቃው እንከን ካለው መመለስ የግማሽ ቀን ጣጣ ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ ሁለተኛ ታክሲ፣ የመርካቶ ግፊያ። ከዚያ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ባለሱቅ ጋር ክርክር።

ስለዚህ የምርጫው ትልቁ ክፍል ቤት ተቀምጦ የሚያልቅ ነው። ቀሪው ሱቅ ውስጥ ቆሞ መፈተን ነው። ብራንድ ከሁለቱ ቀጥሎ ይመጣል። የዋጋ ቁጥር እዚህ አልጽፍም። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

1. መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ

«ጥሩ ሄድሴት የቱ ነው?» ለሚል ሰው መልሱ «ምን ላይ ልትሰካው ነው?» የሚል ጥያቄ ነው።

የተለመደው 3.5 ሚሊሜትር ጃክ (የሄድሴቱ ገመድ መሰኪያ) ጫፉ አካባቢ ቀለበቶች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ናቸው። ቁጠሯቸው። ሁለት ከሆኑ ጃኩ የሚያስተላልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ከሆኑ ማይኩም እዚያው አለበት። ለስልክና ለጆይስቲክ የሚያስፈልጋችሁ ባለ ሦስት ቀለበቱ ነው።

በስልክ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የምትጫወቱ ከሆነ ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ። አይፎን 7 በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ አዳዲስ አይፎኖች የላቸውም። ብዙ ሳምሰንጎችም ትተውታል። እንዲህ ከሆነ ከታይፕ ሲ (ከአይፎን 7 እስከ 14 ላሉት ከላይትኒንግ) ወደ ጃክ የሚቀይር አዳፕተር ይገዛል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ አዳፕተር ባዶ ሽቦ ነው፤ የሚሠራው ስልኩ በታይፕ ሲ ቀዳዳው አናሎግ ድምፅ ማውጣት ከቻለ ብቻ ነው። ሌላው ግን ድምፁን የሚቀይር ትንሽ ቺፕ ውስጡ አለ፤ እሱ አብዛኛው ስልክ ላይ ይሠራል። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። ራሳችሁ ስልክ ላይ ሰክታችሁ ካልሰማችሁ አትክፈሉ።

ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) 4 ወይም 5 ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ጆይስቲኩ ሥሩ ላይ የጃክ ቀዳዳ አለው። ባለ ሦስት ቀለበት የሆነ ማንኛውም ሄድሴት እዚያ ይገባል። ብሉቱዝ ሄድሴት ግን ሁለቱም ፒኤሶች በቀጥታ አይቀበሉም። ይህን ሳያውቅ ውድ ብሉቱዝ ገዝቶ ሴቲንግ ውስጥ ሲፈልግ የሚያመሽ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። ኤክስቦክስም ብሉቱዝ ሄድሴት አይቀበልም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ ደግሞ የጃክ ቀዳዳም የለውም።

ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ባለ ሦስት ቀለበቱን ይወስዳል። ዴስክቶፕ ግን ሁለት አለው፤ አረንጓዴው ለድምፅ፣ ሮዙ ለማይክ። ስለዚህ ስፕሊተር ያስፈልጋል። ባለሱቁን «ስፕሊተር» ብቻ ካላችሁት አንዱን ድምፅ ለሁለት ሰው የሚያካፍለውን ሊሰጣችሁ ይችላል። የምትፈልጉት ድምፅና ማይክን የሚለየውን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ላይ የማይክ ምልክት፣ ሌላው ላይ የሄድፎን ምልክት አለ።

ርካሽ የቻይና ሄድሴቶች ላይ ደግሞ ከጃኩ ጎን አንድ የዩኤስቢ ገመድ ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ዩኤስቢም ጃክም አለው» ብሎ ይደሰታል። አብዛኞቹ ላይ ግን ያ ዩኤስቢ የሚያበራው መብራቱን ብቻ ነው። ድምፁ በጃኩ ነው የሚመጣው። መብራቱን እናንተ አታዩትም፤ ጆሯችሁ ላይ ነው ያለው።

2. ቤታችሁን አዳምጡ

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬቱ ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆናችሁ «ይማርህ» ልትሉ ትችላላችሁ። ጠዋት ቆራሌው አለ። ሌሊት ውሻው አለ። መብራት ሲሄድ የታችኛው ሱቅ ጄኔሬተር አለ። ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ማውራት ራሱ ጩኸት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይወልዳል፦ እናንተ ምን ትሰማላችሁ? ጓደኞቻችሁስ በማይኩ በኩል ምን ይሰማሉ?

ለመጀመሪያው፣ ጀርባው ድፍን የሆነ ሄድሴት ይሻላል። ጀርባቸው ወንፊት የሆኑ ሄድሴቶች ድምፃቸው ሰፋ ያለና ደስ የሚል ነው፤ ግን የውጭውን ያስገባሉ፣ የውስጡን ያስወጣሉ። ፀጥ ያለ የራሱ ክፍል ያለው ሰው ይግዛቸው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ሕፃን እያስተኛችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ድፍኑን ያዙ።

ለሁለተኛው ወሳኙ ማይኩ ነው። ወደ አፍ የሚጠጋ ክንድ ያለውን ምረጡ። ገመዱ ላይ ወይም ጆሮው ላይ የተቀበረ ማይክ አፋችሁን ከሌላው ጫጫታ መለየት ይቸግረዋል። ማይክ ለምንጩ ሲቀርብ የእናንተ ድምፅ ይጎላል፤ የሩቁ ይደክማል። ከዚህ በላይ የሚሠራ ቴክኖሎጂ ርካሽ ዕቃ ላይ አትጠብቁ። ማይክ ማጥፊያ ቁልፍም እንዲኖረው እፈልጋለሁ። እናቴ ከሳሎን ስትጣራ ግማሹ ቡድን «አቤት» እንዲል አልፈልግም።

«ኖይስ ካንሰሊንግ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ሁለት የተለያየ ነገር ማለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ለእናንተ ጆሮ ነው። የውጭውን ድምፅ በራሱ ማይክ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ይለቃል። ባትሪ ይፈልጋል፣ ውድ ነው። ደህና አድርጎ የሚያጠፋውም እንደ ጄኔሬተር ያለ ወጥና ወፍራም ድምፅን ነው፤ የሕፃን ለቅሶና የውሻ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ያልፉታል። ሁለተኛው ለማይኩ ብቻ ነው፦ ጓደኞቻችሁ የእናንተን ቤት ጫጫታ እንዳይሰሙ የሚረዳ። ርካሽ ካርቶን ላይ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

3. በገመድ ወይስ ያለ ገመድ?

እኔ በገመድ ባይ ነኝ። ምክንያቴም ዋጋ ብቻ አይደለም።

ተራ ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል። ሙዚቃ ስትሰሙ አይታወቃችሁም። ተኩስ ጌም ላይ ግን ሰውዬው ከተኮሰባችሁ በኋላ ነው ኮቴውን የምትሰሙት። ሌላም ችግር አለው። በብሉቱዝ ላይ ማይኩን ስትከፍቱ አብዛኛው መሣሪያ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ግንኙነት ይቀየራል። ጌሙ ወዲያው ድምፁ ይታፈናል፤ የግራና የቀኝ ልዩነቱም ይጠፋል። ኮቴ ከየት እንደመጣ ማወቅ ዋናው ነገር ለሆነበት ጌም ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሌላው ዓይነት ዶንግል የሚባል፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ይዞ የሚመጣው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ነው። እሱ ፈጣን ነው፤ መዘግየቱ ለጆሮ አይታወቅም። ገንዘቡ ካላችሁ ይህን ግዙ። ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ፦ ዶንግሉ ለእናንተ መሣሪያ የተሠራ መሆኑን፣ እና ባትሪ ሲያልቅ በገመድ መሥራት መቻሉን። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ፣ ሄድሴቱ ቀድሞ ከሞተ ምን ዋጋ አለው? ዶንግሉ ከጠፋ ደግሞ ሄድሴቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ለብቻው የሚሸጥበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

4. ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

«ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለውን እለፉት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ያን ያህል ነው፤ ሁሉም ካርቶን ላይ ይጻፋል፤ ስለ ጥራቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። የስፒከሩ ስፋት 40 ወይም 50 ሚሊሜትር መሆኑም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጥሩ 40 መጥፎ 50ን ያስንቃል።

ኦም (ሄድሴቱ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ግን እዩ። ከ16 እስከ 32 ኦም ከሆነ ስልክም ጆይስቲክም ያለ ችግር ያጮኸዋል። ለስቱዲዮ የተሠሩ ባለ 250 ኦም ሄድፎኖች አሉ፤ ያለ አምፕሊፋየር ጆይስቲክ ላይ ሲሰኩ ድምፃቸው ደካማ ነው። ዩዝድ ገበያ ላይ «የባለሙያ ነው» ተብለው በጥሩ ዋጋ ሲቀርቡላችሁ ይህን አስታውሱ።

7.1 የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰባት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር ማለት ነው፤ ለሳሎን ቤት የተፈጠረ ስያሜ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ሄድሴት ግን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በያንዳንዱ ጎን ያለው አንድ ስፒከር ነው። ሌላው በሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ድምፁ ከኋላ የመጣ እንዲመስል በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን የጊዜና የጉልበት ልዩነት ያስመስላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ጆሯችንም አቅጣጫ የሚለየው ባብዛኛው እንደዚያ ነው። ግን ለዚህ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ዊንዶውስ ሶኒክ» የሚባል ነፃ አማራጭ አላቸው። ፒኤስ 5 የራሱ የ3ዲ ድምፅ አለው፤ ጆይስቲኩ ላይ በተሰካ ተራ ሄድሴትም ይሠራል። ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት ውስጥም ይህን የሚሠራ ሴቲንግ አለ። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አታብሩ። ጌሙ የሠራውን ዊንዶውስ እንደገና ሲሠራው አቅጣጫው ይምታታል።

ፊፋ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህ ሁሉ ጉዳዩ አይደለም። የደጋፊ ጩኸት ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቀውም።

5. ጭንቅላታችሁ ላይ ሞክሩት

250 ግራም አካባቢ የሆነ ቀላል ነው። 350 ሲያልፍ አንገት ይናገራል። ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያማርረው ጭምቀቱ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩት፤ እጀታው ጆሮ ላይ ሲጫን ሕመሙ የሚጀምረው ቆይቶ ነው። ሹሩባ የምትሠሩ ወይም አፍሮ ያላችሁ ደግሞ የላይኛው ቅስት ተስቦ የት ድረስ እንደሚረዝም እዩ። ጆሯችሁ ሙሉ በሙሉ ስፖንጁ ውስጥ መግባት አለበት፤ ጠርዙ ጆሮ ላይ ከተቀመጠ ተዉት።

የስፖንጁ ሽፋን ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ የውጭ ድምፅ ደህና ይከላከላል፣ ግን ያልባል፤ እያደርም ይላጣል። ጨርቁ ምቹ ነው፣ ግን ድምፅ ያሳልፋል፣ የኮዬን አቧራም ይሰበስባል። ሽፋኑ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ።

6. ሱቅ ውስጥ

ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ከቤት ስትወጡ የምትጫወቱበትን ነገር ያዙ፦ ስልካችሁን ከነአዳፕተሩ፣ ከቻላችሁ ላፕቶፑን። ጆይስቲክ ያለ ፒኤሱ አይፈትንም፤ ጃኩን ለመፈተን ስልክ ይበቃል። ግራና ቀኝ የሚለይ የድምፅ መሞከሪያ፣ በደንብ የምታውቁት አንድ ዘፈን፣ እና ከምትጫወቱት ጌም የተቀዳ ቪዲዮ ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። መርካቶ መሃል ቆማችሁ ኔትወርክ አትለምኑ።

ባለሱቁ ካርቶኑን ሲከፍት ሄድሴቱን አጥልቁና የግራና የቀኙን መሞከሪያ ክፈቱ። ግራው በግራ መምጣቱን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተበየደ አይጠፋም። ከዚያ ዘፈኑን በጣም ቀንሱት። ድምፁ ሊጠፋ ሲል ሁለቱ ጆሮዎች እኩል መስማት አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከጠፋ ሌላ አስወጡ። ቀጥሎ ለአፍታ ከፍ አድርጉትና ባሱ ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚሰነጠቅ ድምፅ ካለ አዳምጡ።

አሁን ገመዱ። ዘፈኑ እየሠራ ጃኩን አንገቱ ላይ፣ ገመዱና ፕላስቲኩ በሚገናኙበት ቦታ፣ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እጠፉት። ገመዱ ሄድሴቱ ውስጥ በሚገባበትም በኩል እንደዚያው አድርጉ። የቮሊየም መዘውሩንም ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት። በአንዱም ቦታ ድምፁ ከተቆረጠ ወይም ከተንኮሻኮሸ በቃ፣ መልሱት። ሰፈር ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ግቡና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሄድሴቶች እዩ፤ ፕላስተር የተጠቀለለባቸው እነዚሁ ቦታዎች ናቸው። ገመዱ ተነቅሎ የሚቀየር ከሆነ ትልቅ ጥቅም ነው።

ማይኩን የምትፈትኑት በስልኩ ድምፅ መቅጃ ነው። እንደምትጫወቱ ሆናችሁ አውሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ ስሙት። መርካቶ ጫጫታ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ እንዲያውም ጫጫታው ይጠቅማችኋል። የእናንተ ድምፅ ከተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» በላይ ጎልቶ ከተሰማ፣ ቤታችሁ ውስጥ አያሳፍራችሁም።

«ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው፤ መልሱ ሁሌም «ኦርጅናል ነው» ነው። ራሳችሁ እዩ። የካርቶኑ ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም የፊደል ስህተት ያለበት ነው? የሞዴሉ ስም በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አለ? ክብደቱ እዚያ ከተጻፈው ጋር ይቀራረባል? ሎጎው ያውና ሞዴሉ የትም የሌለ ሄድሴት ኮፒ ነው። ኮፒ መግዛት አትችሉም አልልም፤ ግን በኮፒ ዋጋ ግዙት።

ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ መመለስ ተነጋገሩ። ብዙ ባለሱቅ ጥቂት ቀን የመቀየሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ ደረሰኙ ላይ በእጁ ይጻፍላችሁ። ከቴሌግራም ሱቅ የምታዙ ከሆነ ደግሞ ዴሊቨሪው ልጅ እስክትፈትኑ እንዲጠብቅ ቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ ሰፈር ድረስ የመጣ ሰው አምስት ደቂቃ መቆም አይከብደውም፤ ከፍላችሁ ካሰናበታችሁት በኋላ ግን ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

7. ብራችሁ የት ይሂድ?

በጀቱ በጣም ጠባብ ከሆነ መብራት የሚረጭ ርካሽ ሄድሴት ከመግዛት ማይክ ያለው ደህና ኤርፎን ግዙ። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ። ነገር ግን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን የውጭ ድምፅ በደንብ ይከለክላል፣ አቅጣጫ ያሳያል፣ ለስልክ ጌም ከበቂ በላይ ነው።

ከዚያ ከፍ ካላችሁ በገመድ የሚሠሩ ቀላል ሄድሴቶች አሉ፦ ሬዘር ብላክሻርክ ቪ2 ኤክስ እና ሎጂቴክ ጂ335 240 ግራም አካባቢ ናቸው፤ ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር 275 ነው። ሦስቱም በ3.5 ጃክ ስለሚሠሩ ከስልክ ወደ ፒኤስ፣ ከፒኤስ ወደ ላፕቶፕ ይዛችኋቸው ትዞራላችሁ። እኔ ብሆን ከእነዚህ አንዱን ንጹሕ ዩዝድ፣ ከአዲስ ኮፒ አስበልጣለሁ። ዩዝድ ሲሆን ስፖንጁንና የጃኩን አንገት ሁለቴ እዩ።

8. ቤት ከገባ በኋላ

ፒኤስ 4 ላይ ሰክታችሁ የጌሙ ድምፅ ካልመጣ አትደንግጡ። ሴቲንግ ውስጥ በዲቫይስስ፣ ከዚያ በኦዲዮ ዲቫይስስ ግቡና ወደ ሄድፎን የሚሄደውን ድምፅ «ኦል ኦዲዮ» አድርጉት። «ቻት ኦዲዮ» ላይ ከሆነ የምትሰሙት የጓደኞቻችሁን ወሬ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ሄድሴት ተመልሶ መርካቶ ይሄዳል።

ላፕቶፕ ላይ «እእእእ» የሚል ወጥ ድምፅ ከሰማችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ሄድሴቱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ነው። የቤቱ ሶኬት ወይም ዲቫይደሩ የመሬት መስመር ሳይኖረው ሲቀር እንዲህ ይሆናል። ባለ መሬት ዲቫይደርና ሶኬት ሞክራችሁ ካልረዳችሁ በባትሪ ተጫወቱ፣ ወይም በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ሞክሩ፤ አንዳንዴ ይረዳል።

ቮሊየሙን ተጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። 90 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ድርሻ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ ያ የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቮሊየም መጨመር ያምራል። ሲያባራ መቀነስ ግን ይረሳል።

አንድ ቀን የጃኩ አንገት መቆረጡ አይቀርም። ሄድሴቱን አትጣሉት። ማንኛውም የስልክ ጥገና ቤት ጃኩን ቆርጦ ሌላ ይበይዳል። ስትሄዱ ባለ ሦስት ቀለበት ጃክ እንዲያስገባላችሁ ንገሩት፤ ባለ ሁለቱን ካስገባ ማይኩ ይቀራል። ውስጡ ያሉት ባለቀለም ሽቦዎች በቀጭን ላክ የተሸፈኑ ናቸው፤ ላኩ በሙቀት ካልተላጠ ብየዳው አይይዝም። ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግራውን፣ ቀኙንና ማይኩን እዚያው ፈትኑ።